ፍርዱን ከጨረሰ በኋላስ?

አንድ ማታ ከእናቴ ጋር የዕብራይስጥ ዜና እያየን ነበር። በሕፃናት ላይ ወንጀል ፈጽሞ የታሰረ ሰው ሊፈታ ነው፤ የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ እየተቃወሙ ነው። እናቴ ግማሹን ሰምታ፣ «ልጄ፣ ፍርዱን ጨርሷል አይደል እንዴ? ታዲያ ደግሞ ምን ይፈልጉበታል?» አለችኝ። ክሪሚኖሎጂ የምማረው እኔ ነኝ፣ ግን ባጭሩ ልመልስላት አልቻልኩም። ለእሷ ያስረዳሁትን ለእናንተም ልጻፈው።

ቅጣት ወደ ኋላ ያያል። ሰውየው ለሠራው ጥፋት ልኩ ይቆረጥለታል፤ ሲያልቅ ይወጣል። ሌላው መንገድ ወደ ፊት ያያል፤ ጥያቄው «ነገ ምን ሊያደርግ ይችላል?» ነው። በአእምሮ ሕመም ምክንያት ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ የሚችል ሰው ወንጀል ባይሠራም ሆስፒታል እንዲገባ የሚገደደው በዚህ መንገድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛው መንገድ የመጀመሪያው ካለቀበት ቦታ ሲቀጥል ነው።

የታወቀው ጉዳይ የአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት ነው። ሊሮይ ሄንድሪክስ በሕፃናት ላይ በፈጸመው የወሲብ ጥቃት በ1984 ተፈረደበት። አሥር ዓመት ገደማ ታስሮ ሊወጣ ሲል፣ ግዛቷ በ1994 ባወጣችው አዲስ ሕግ መሠረት የጊዜ ገደብ ሳይቀመጥለት እንዲቆይ ተወሰነ። እሱ ራሱ ውጥረት ሲይዘው ስሜቱን መቆጣጠር እንደማይችል ለፍርድ ቤት ተናግሯል። በ1997 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ሕጉን አጸና። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? «ይህ ቅጣት አይደለም» ነው። ቅጣት ካልሆነ ደግሞ «ሰው ባንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይቀጣም» የሚለው ደንብ አይነካውም። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ስቲቨን ብሬየር ግን፣ ዓላማው ሕክምና ከሆነ እስራቱ እስኪያልቅ ለምን ተጠበቀ ብለው ተከራክረዋል።

አውሮፓ ሌላ መልስ ሰጠች። ጀርመን ውስጥ በ1986 አንድ ሰው አምስት ዓመት እስራት ተፈርዶበት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በመከላከያ እስራት እንዲቆይ ተወሰነ። ያኔ የመከላከያው ጣሪያ 10 ዓመት ነበር። በ1998 ጣሪያው ሲነሳ ለእሱም ተነሳበት። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2009 ስሙ ምንም ይሁን ነገሩ ቅጣት ነው፣ በኋላ በወጣ ሕግም ሊራዘም አይችልም ብሎ ፈረደ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ2006 የወጣው ሕግ ከወሲብ ወንጀለኞች እስራት በኋላ የሚመጣውን ይመለከታል። ሰውየው ይፈታል፤ ግን ባለሙያ አደገኛነቱን፣ በዕብራይስጥ «መሱካኑት» የምንለውን፣ ከገመገመ በኋላ ፍርድ ቤት «ጻቭ ፒኩዋህ» ማለትም የቁጥጥር ትእዛዝ ሊያወጣበት ይችላል። የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚሠራ፣ ወደ የትኛው ቦታ እንደማይጠጋ ይወሰንበታል። አንዱ ትእዛዝ እስከ አምስት ዓመት ነው፤ ሊታደስም ይችላል።

ከፍርድ በኋላ መታሰርም በእስራኤል ያልታየ ነገር አይደለም። አንዳንዶቹ ፍርዳቸውን የጨረሱ ሊባኖሳውያን፣ የጠፉ ወታደሮችን ለማስመለስ እንደ መደራደሪያ በአስተዳደራዊ እስራት ተይዘው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 ቢፈቅደውም፣ በአሃሮን ባራክ የሚመራው ሰፊ ችሎት በሚያዝያ 2000 ሐሳቡን ቀየረ፦ ራሱ አደጋ ያልሆነን ሰው ለሌላ ሰው መያዣ ማድረግ አይቻልም።

እኔን የሚከብደኝ የትንበያው ነገር ነው። አደገኛ የሆነ ሰው ተፈትቶ ልጅ ቢጎዳ ስህተቱን ሁላችንም እናያለን፤ የዚያ ልጅ እናት ብሆን እኔም «ለምን ለቀቃችሁት?» ብዬ እጮኻለሁ። ምንም የማያደርግ ሰው ተዘግቶበት ቢቀር ግን ስህተቱን ማንም አያየውም፤ ምክንያቱም ንጹሕነቱን የሚያሳይበት ዕድል አላገኘም። ስለዚህ የሚገመግመው ሰው ሁልጊዜ ወደ መዝጋት ይገፋል።

ትንበያ ደግሞ ያለፈውን ቲክ ይቆጥራል። የፓልሞር ኮሚቴ በ2016 ፖሊስ በማኅበረሰባችን ላይ የሚያደርገውን ከልክ ያለፈ ክትትል ዘግቧል። ብዙ ጊዜ የሚቆም ልጅ ብዙ ቲክ ይከፈትበታል፤ ያንን ቲክ የሚቆጥር ስሌት ሁሉ የቆየውን አድልዎ ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ነው ነገሩ የሌሎች ብቻ አይደለም የምለው።

እንዲህ ዓይነት ዜና ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ፍርድ ቤት በየጊዜው ያየዋል? ከመዝጋት የቀለለ መንገድ ተሞክሯል? ሕክምናውስ በእውነት አለ?

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለች። ቆይታ ግን፣ «ታዲያ እስር ቤት እያለ ለምን አላከሙትም?» አለችኝ። ብሬየርን አንብባ አታውቅም።