ጫማው ሳይሰቀል የተጀመረ ሁለተኛ ሥራ

ከጅማ ተነስተው ቦንጋን ካለፉ በኋላ ወደ ሸካ ሲያቀኑ መንገዱ እየተጠማዘዘ ደን ውስጥ ይገባል። ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ግራና ቀኝ የሚያዩት ቡና ነው። በሸካ ካሉት ሰፋፊ የቡና እርሻዎች የአንዱን ባለቤት ስም ግን እርስዎ የሚያውቁት ከቡና ጋር አይደለም፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው።

ልጅዎ ኳስ ወይም ሩጫ ይወድ ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ዳር ቆመው ሲያዩት «ቢሳካለትስ? ከተሳካለትስ በኋላ ምን ይሆናል?» የሚል ሐሳብ ሳይመጣብዎ አይቀርም። የስፖርተኛ ሙያ አጭር ነው። ሌላው ሰው ሥራውን ገና በሚያደላድልበት ዕድሜ ስፖርተኛው ጡረታ ይወጣል። የኃይሌን ሕይወት ከዚህ በኩል ማየት የፈለግሁትም ለዚህ ነው።

የተወለደው በ1965 ዓ.ም. አሰላ አካባቢ፣ አሥር ልጆች ባሉበት የገበሬ ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር በሩጫ ይሄዳል፣ በሩጫ ይመለሳል። ሲሮጥ ደብተር እንደያዘ ሰው የሚታጠፈው ግራ ክንዱ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። በ1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ሲያሸንፍ ኃይሌ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ድሉን በሬዲዮ ሰማ። አባቱ ግን ሩጫን እንደ ሥራ አይቆጥሩትም ነበር። አይፈረድባቸውም፤ ያኔ ከሩጫ እንጀራ ይበላል ብሎ የሚያስብ ገበሬ ከየት ይገኛል?

ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎም ያውቁታል። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ አራት ጊዜ የዓለም የ10,000 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፤ አትላንታና ሲድኒ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው፤ በዚያው ኦሊምፒክ የ100 ሜትር አሸናፊና ሁለተኛው እንኳ የተለያዩት ከዚህ በሰፋ ልዩነት ነበር። ሚሊኒየሙን ባከበርን በሦስተኛው ሳምንት በርሊን ላይ የማራቶንን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዓመቱ እዚያው ተመልሶ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በመግባት ከ2፡04 በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሜዳሊያው ሳይሆን የቀን አቆጣጠሩ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲጀመር 1994 ዓ.ም. ነበር፤ ኃይሌ ገና በጉልበቱ ነው። የሐዋሳው ሪዞርት በ2002 ዓ.ም. ሲከፈትም ገና ይወዳደር ነበር። በራሱና በባለቤቱ በወይዘሮ ዓለም ስም የተጠራው ድርጅትም ሩጫው ሲያልቅ የተፈለሰፈ መጽናኛ አይደለም። የማርኬቲንግ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ነገሩን በገበያ ዓይን አየዋለሁ፦ የአንድ ስፖርተኛ ስም ዋጋው የሚንረው እየሮጠ ሳለ ነው። ባንክም፣ አጋርም፣ ደንበኛም በሩን የሚከፍተው ያኔ ነው። «ላቁምና አስብበታለሁ» ያለ ሰው የሚያስበው ስሙ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው።

ማቆሙም ለእሱ ቀላል አልነበረም። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ማራቶኑን አቋረጠና «በቃኝ» አለ። ብዙ ቀን ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ። ከውድድር በቁርጥ የተሰናበተው በግንቦት 2007 ዓ.ም. ማንችስተር ላይ ነው። ሌላ ሥራ እያለው እንኳ መለየት እንዲህ ከከበደው፣ ምንም የሌለው ሰው እንዴት ይሆናል?

አሁን ወደ ቡናው ልመልስዎ። አጋሮ ወይም ሊሙ ዘመድ ካለዎት ይህን አያጡትም፦ ችግኙ መደብ ላይ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል፤ ከተተከለ በኋላም ደህና ምርት ለማየት ሦስት አራት ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አረሙ አለ፣ ጥላው አለ፣ የሠራተኛው ደመወዝ አለ፤ ገቢ ግን የለም። ሲደርስም ቀዩ ብቻ በእጅ እየተመረጠ ይለቀማል። ሱቅ ከፍቶ በወሩ ትርፍ ለሚጠብቅ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። ለ25 ዙር ሰው ጀርባ ተጣብቆ ለመጨረሻው 200 ሜትር ጉልበት ማስቀረት የለመደ ሰው ግን ትዕግሥቱን አስቀድሞ ተምሮታል።

ሁሉም ሰምሮለታል ማለቴ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በተነሳው ሁከት የሻሸመኔና የዝዋይ ሆቴሎቹ ተቃጥለዋል። የስንት ዓመት ድካም በሰዓታት ወደ አመድ ሲለወጥ ምን እንደሚሰማ መገመት ይችላሉ። ሀብቱ አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጦ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ዘመኑን ሳይጨርስ ለቋል። ያንን ምዕራፍ ከስኬቶቹ አልቆጥረውም፤ መምራትና መሮጥ ይለያያሉ።

ታላቁ ሩጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው ኅዳር ላይ ነው። አዲስ አበባ በቲሸርት ቀለም ስታሸበርቅ፣ በጅማና በደቡብ ምዕራቡ ደን ውስጥ ደግሞ ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን ይዘው ቀዩን ከአረንጓዴው እየለዩ ናቸው።