ከጥብቅና ወደ ከንቲባነት፦ የሌኒ ሮብሬዶ መንገድ

በጀመዓችን ውስጥ ሕግ የሚያጠኑ ወንድሞችና እህቶች ጥቂት አይደሉም። ስለ ወደፊታቸው ስናወራ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ የሕግ ባለሙያ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ የሚቆመው ለተበደለው ነው ወይስ ለወንበሩ? በዚህ ላይ የሚያነጋግር ታሪክ ከፊሊፒንስ አግኝተናል። ባለታሪኳ ካቶሊክ ናቸው፤ ዐድልና ዐማና ግን የሁሉም ሰው ጉዳይ ነው።

ሌኒ ሮብሬዶ እ.ኤ.አ. በ1965 ከማኒላ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በናጋ ከተማ ተወለዱ። ማኒላ አካባቢ ኢኮኖሚክስ አጥንተው፣ ናጋ ተመልሰው ሕግ ተማሩ። የጥብቅና ፈተናውን መጀመሪያ ሲቀመጡ ወደቁ (ፈተና የከበዳችሁ፣ አይዟችሁ)፤ ፈቃዱን ያገኙት በ1997 ነው። ለድሆች በነፃ በሚቆመው የመንግሥት ጠበቆች ቢሮ ጥቂት ሠርተው ሳሊጋን ወደተባለ የሕግ ድርጅት ገቡ።

የሳሊጋን አሠራር ለእኛም ትምህርት አለው። ጠበቃው ቢሮው ተቀምጦ ደንበኛ አይጠብቅም፤ ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁና የገጠር ሴቶች ወዳሉበት ይሄዳል። ሕጉን በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳል፤ ከመካከላቸውም የሕግ ረዳቶችን ያሠለጥናል። ዓላማው ሰዎቹ ነገ ያለ እሱ መብታቸውን እንዲያስከብሩ ነው። ሮብሬዶ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት ከአሥር ዓመት በላይ የቆዩት በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ነው።

ፖለቲከኛው ባለቤታቸው ጄሲ ሮብሬዶ ነበሩ። በ1988 የናጋ ከንቲባ ሆኑ፤ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ሕዝብ መሐል በመገኘትም ይታወቁ ነበር። ከተማዋ በ1995 ባወጣችው ደንብ የሕዝብ ማኅበራት ተወካዮች በምክር ቤቱ ኮሚቴዎች እንዲቀመጡ ፈቀደች። በነሐሴ 2012 ጄሲ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ዳኛ ለመሆን አስበው የነበሩት ሌኒ በዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደሩ፤ ክፍለ ሀገሩን ለረጅም ጊዜ ከገዛ ቤተሰብ የመጡ ዕጩንም አሸነፉ። በ2016 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2022 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው በፈርዲናንድ ማርኮስ ልጅ ተሸነፉ። በ2025 ደግሞ ናጋ ተመልሰው በከተማዋ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። ከምክትል ፕሬዚዳንትነት ወደ ሁለት መቶ ሺህ ገደማ ነዋሪ ወዳላት ከተማ መውረድ ብዙዎች የሚሸሹት ነው፤ እኛ ግን ከታሪካቸው ሁሉ የወደድነው ይህንኑ ነው።

የባል ወንበር ለሚስት መድረሱ ግን ጥያቄ አያስነሳም? ያስነሳል። የፊሊፒንስ ሕገ መንግሥት የቤተሰብ ሥልጣንን የሚከለክለው "በሕግ በሚወሰነው መሠረት" ብሎ ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በ1987 ቢሆንም ምክር ቤቱ ሁሉንም የሥልጣን ወንበር የሚመለከት ዝርዝር ሕግ ሳያወጣ አሥርት ዓመታት አለፉ። ሕጉን የሚያወጡት ራሳቸው የእነዚያ ቤተሰቦች ልጆች ሲሆኑ ምን ይጠበቃል?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። የ1991 የአካባቢ አስተዳደር ሕግ መልስ አለው። ገዥዎችና ከንቲባዎች በሥልጣን ላይ ሳሉ በሙያቸው እንዳይሠሩ ይከለክላል። የምክር ቤት አባል የሆነ ጠበቃ መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን የአካባቢ መንግሥት ተቃራኒ ወገን በሆነበት የፍትሐ ብሔር ክርክር ጠበቃ ሆኖ መቅረብ አይችልም። በሥራው ምክንያት ወንጀል ለተከሰሰ ባለሥልጣንም መቆም አይችልም።

ከሁሉ የገረመን ደግሞ የባራንጋይ ሽምግልና ነው። ባራንጋይ እንደኛ ቀበሌ ያለ ትንሹ የአስተዳደር እርከን ነው። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ሲጣሉ፣ አብዛኛው ክርክር ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት በባራንጋዩ ሹም በሚመራ የሽማግሌዎች ጉባኤ መታየት አለበት። ሱልሕን ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ተከራካሪዎቹ በአካል ይቀርባሉ፤ ጠበቃ ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው። እዚያ ጉባኤ ፊት የሚጠቅመው ሰውየው ራሱ ሕጉን ማወቁ ነው፤ ሳሊጋን መንደር ለመንደር የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው።

የሮብሬዶ የከንቲባነት ዘመን እስከ ሰኔ 2028 ይዘልቃል። እስከዚያ ድረስ እሳቸውም ለማንም ጥብቅና መቆም አይችሉም።