የዘር ሐረግ መዝገብና ሥራ የፈታ ኮምፒዩተር

በጅቡቲ የሚኖሩ የዒሳና የአፋር ሽማግሌዎች የአባቶቻቸውን ስም ብዙ ትውልድ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ለልጆቻቸው በቃል ሲያስጠኑ ኖረዋል። ይህን የመሰለው ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር እንዳይቀበር በጽሑፍ ማስፈር ይገባል። ዛሬ ለዚህ ተግባር የሚያገለግሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ፤ በነፃ የሚገኘው ግራምፕስ ከነዚሁ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ መዝጋቢው ከወንበሩ ሲነሣ ፕሮግራሙን ይዝጋ ወይስ ይተወው? ኮምፒዩተሩንስ ያጥፋው?

በመጻፍ ላይ ያለ ስም በመጀመሪያ የሚያርፈው በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ነው። ይህ ማኅደር የያዘውን የሚጠብቀው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ወደ ዲስክ የተላለፈው ግን ኃይል ቢቋረጥም ይቆያል። እንግዲህ የአያት ስም በመስተዋቱ ላይ ታየ ማለት ተመዘገበ ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ ፋይሉ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ሥራውን አስቀምጦ ፕሮግራሙን መዝጋት፣ ቅጂውንም በሌላ ስፍራ ማኖር ተገቢ ነው።

ኮምፒዩተሩን የማጥፋት ጉዳይ ደግሞ ከኃይልና ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ 60 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት ያለ ሥራ ቢበራ 840 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህም 10 ዋት የሆነ አምፑል ለ84 ሰዓት ያበራል። በጅቡቲ ከተማ፣ በባሕሩ ዳር በሚገኘው በራስ ዲካ፣ ጉዳቱ ይብሳል። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፤ ኮምፒዩተሩ የወሰደው ኃይልም ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ማቀዝቀዣው ያንን ሙቀት ለማውጣት ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ከዚህም ኃይል ከፊሉ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድንበር ተሻግሮ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ማጥፋትና ማብራት ኮምፒዩተሩን ይጎዳዋል ይላሉ። ነገር ግን የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች በየቀኑ ቢጠፉና ቢበሩ የሚጎዱ አይደሉም። ለአጭር ዕረፍት በጣም ጥቂት ኃይል በሚወስደው የእንቅልፍ ሁኔታ ማቆየት ይበቃል፤ ለሌሊት ግን ማጥፋት ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥንቃቄው ጉዳት ከመድረሱ በፊት ነው። የጠፋ ፕሮግራም እንደገና ይገኛል፤ ሳይመዘገብ የጠፋ የሽማግሌ ቃል ግን አይመለስም።