የእህቴ ልጅ የማክሰኞ ትምህርት

የእህቴ ልጅ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ የሚሠራው በአንድ የክልል ከተማ ነው። ባለፈው ክረምት እነሱ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ማክሰኞ ማታ እራት ሳይቀርብ ላፕቶፑን ይዞ መኝታ ቤቱ ይገባል። እናቱ ታዲያ ታጉረመርማለች፤ «ስፔሻሊስት ሆኖም አልጨረሰ! ይሄ ትምህርት ማለቂያ የለውም?»

የለውም። በአገራችን የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃዱን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት መውሰዱን ማሳየት አለበት። በእኔ ጊዜ ሥልጠና ማለት ደብዳቤ፣ አውቶቡስ፣ ሆቴልና አበል ነበር። (ለአበሉ ብቻ የምንሄድበት ጊዜም አልጠፋም።) ለአእምሮ ሐኪሞች ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እዚሁ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ባሕር ማዶ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬም ብቻውን የሚሠራ ሐኪም ለሥልጠና ሦስት ቀን ከወጣ ታካሚው በር ላይ ይቀራል። በኢንተርኔት መማሩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አንድ ማክሰኞ ቡና ይዤለት ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትምህርቱ ስለ ሶዲየም ቫልፕሮዬት ነበር፤ ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ከወሰደችው ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ አንዱ የኅብለ ሰረሰር ክፍተት ነው። ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በንግግርና በትምህርት ወደ ኋላ ይቀራሉ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 መውለድ ለምትችል ሴት የሚሰጥበትን ሁኔታ በጣም አጥብቆታል።

ቡናው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ይህንኑ መድኃኒት ለአንዲት የ19 ዓመት ልጅ በእጄ እየቆጠርኩ ሰጥቻለሁ። እናቷ በየወሩ ትመጣ ነበር። «እንዳይቋረጥባት» እላት ነበር። ልጅቷ ዳነች፣ አገባች። ማርገዟን ስሰማ መረቅኋት እንጂ ምን እንደምትውጥ አልጠየቅኋትም። ልጇ ጀርባው ክፍት ሆኖ ተወለደ። ክኒን ነክታ የማታውቅ እናትም እንዲህ ያለ ልጅ ትወልዳለች፤ እሱን አውቃለሁ። ግን የመድኃኒቱ ጉዳት ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነበር። እኔ ጋ አልደረሰም።

በኢንተርኔት መማር እንከን የለውም አልልም። ያን ማታ መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋርጧል። ካሜራውን አጥፍቶ፣ ስሙን ብቻ አስመዝግቦ ነጥብ የሚሰበስብም አለ። ደስ ያለኝ መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዲት ሐኪም የታካሚዋን ስም ሳትጠራ የቸገራትን አቀረበች፤ ሌሎቹም ከየከተማቸው ተከራከሩላት።

ሴት ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ይህን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ በራሳችሁ አታስቁሟት፤ በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ይነሳል። ካርቶኑን ይዛችሁ ሐኪሙ ዘንድ ሂዱ። «ወደፊት ትወልዳለች፤ ይስማማታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሠርግ በፊት ቢሆን ይሻላል።

በማግስቱ የእህቴ ልጅ ከነርሷ ጋር የታካሚዎቹን ካርድ አገላበጠ። መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰባት ወጣት ሴቶች ተገኙ። ለአራቱ ስልክ ተደወለ። ሦስቱ ስልክ የላቸውም፤ ቀጠሯቸው እስኪደርስ ይጠበቃል።