ከአሚር ነደባ የማይታየው በር

በሐረር ጀጎል ወደ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት የገባ ሰው፣ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦችን ያያል። ከእነዚህ አንዱ አሚር ነደባ የአባወራው መቀመጫ ነው። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ አባት እዚያ ሆኖ በበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ይመለከታል። ከተማዋም እንዲሁ ነበረች። በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ ሲመሽም ይዘጉ ነበር።

ዛሬ ግን እንግዳው በበር አይመጣም። ልጃችን አጠገባችን ተቀምጦ ሳለ፣ በእጁ በያዘው ስልክ በኩል ሰተት ብሎ ይገባል። አባት በሩን ይጠብቃል፤ ልጁ በስልኩ ምን እንደሚያይ ግን አያውቅም።

ብዙ ወላጆች መፍትሔው ቁልፍ ነው ይላሉ፤ ስልኩን በሚስጥር ቁጥር መዝጋት፣ አንዳንዱን ነገር እንዳይከፈት ማድረግ። ቁልፉ ግን ምን ያህል ይጸናል?

መልሱን ከአዳማ ወደ ሐረር በሚያመጣው መንገድ ላይ፣ በወለንጪቲ አካባቢ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እዚያና በወንጪ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች ለሚኖሩ ሕፃናት ታብሌት ሰጠ። አስተማሪ አልተመደበም፤ ካርቶኑም እንደታሸገ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንድ ሕፃን በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ወር ጊዜ ውስጥም ልጆቹ አዋቂዎች የዘጉትን ካሜራ ከፈቱት። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ የአንደኛ ክፍል ዕድሜ ልጆች ይህን ካደረጉ፣ የ15 ዓመቱ ልጃችን ምን ይሳነዋል?

ይህ ብልሃት የአላህ ስጦታ ነው። አቅጣጫውን ሲስት ግን ባለቤቱን ይጎዳል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጭቶ እንዲቋረጥ ተደረገ። ኩረጃውና ስርቆቱ ስላልቆመ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ፤ ስልክም ተከለከለ። ከተፈተኑት 900,000 ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ስልክ ነው አንልም፤ የትምህርት ጥራቱም ድርሻ አለው። ነገር ግን ፈታኙን በስልክ ያታለለ ተማሪ በመጨረሻ ያታለለው ራሱን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በቁርኣን ሉቅማን ልጁን የመከረበትን መንገድ እናስተውል። በመጀመሪያ በፍቅር ጠራው። ከዚያም የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ሥራ እንኳ በዓለት ውስጥ ብትደበቅ ከአላህ እንደማትሰወር ነገረው። ልጁ ብቻውን ሲሆን የሚጠብቀው ይህ እምነት ነው፤ የዚህን ቁልፍ ማንም ልጅ ሰብሮ አይከፍተውም።

ይህ ማለት ግን ቁጥጥር ይቅር ማለት አይደለም። ለትንንሾች ገደብ ያስፈልጋል። ሌሊት የሁሉም ስልክ፣ የአባትና የእናትም ጭምር፣ በጋራ ክፍል ይደር። ገደቡ ግን በግልጽ ይነገር፤ በስውር የተሰለለ ልጅ የሚማረው ይበልጥ መደበቅን ነው። «የለም በለው» እያለ በልጁ አፍ ስልክ የሚያስመልስ አባትም እውነትን ሊያስተምር አይችልም። ልጃችሁ የሚያውቀውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ስታዩም አትቸኩሉ፤ አትቆጡ። በአፎቻ ስንሰበሰብም ጉዳዩን እንወያይበት፤ የአንዱ ቤት ችግር የሌላውም ነውና።

እናንተም ወጣቶች፣ ወላጆቻችሁን በቴክኖሎጂ መብለጣችሁ አያጠራጥርም። ያ ብልጫ አማና ነው። አባታችሁ ያላወቀውን አሳውቁት እንጂ ባለማወቁ አትጠቀሙበት።

አላህ ልጆቻችንን በምናያቸውም በማናያቸውም ጊዜ ይጠብቅልን። አሚን።