አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ከመጣላችሁ በፊት ፎንቱን አውጡ

ብሩክሊን ሴንተር ውስጥ ከ20 ዓመት በፊት የተገዛ ኮምፒውተር ቤዝመንት ያስቀመጠ ሐበሻ አይጠፋም። ውስጡ የእድር መዝገብ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ ወይም አባት በአማርኛ የተየቡት ደብዳቤ ሊኖር ይችላል። ኮምፒውተሩን ብሩክሊን ፓርክ ወዳለው የሄነፒን ካውንቲ ማስረከቢያ ከመውሰዳችሁ በፊት ሃርድ ዲስኩን ፍቱት።

መጀመሪያ ገመዱ

ገመዱ ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነ ዲስኩ አይዲኢ ነው። አዳዲስ ማዘርቦርዶች ለዚህ ገመድ መሰኪያ የላቸውም፤ ስለዚህ ከአይዲኢ ወደ ዩኤስቢ የሚያገናኝ አዳፕተር ያስፈልጋል። የዴስክቶፑ 3.5 ኢንች ዲስክ 12 ቮልት ስለሚፈልግ የራሱ ፓወር ያለው አዳፕተር ግዙ። ጃምፐሩንም «ማስተር» ላይ አድርጉት።

እ.ኤ.አ. በ2003 ገበያ መግባት የጀመረው ሳታ ከሆነ ሥራው ይቀላል። የዛሬው የሳታ ፖርት አሮጌውንም ይቀበላል፤ ፍጥነቱን ራሱ ያስተካክላል። ዲስኩ ካልታየ የማዘርቦርዱን ማንዋል እዩ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ኤም.2 ሲሰካ አንድ የሳታ ፖርት ይዘጋል።

ኮምፒውተሩን በአሮጌው ዲስክ ለማስነሳት አትሞክሩ። የድሮው ዊንዶውስ የተጫነው ለባዮስ ነው፤ አዲሱ ማሽን የሚነሳው በዩኢኤፍአይ ነው። ፋይል ለመቅዳት ብቻ ክፈቱት። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀ እሺ አትበሉ።

ቀጥሎ ፊደሉ

ፋይሉ ሲከፈት አማርኛው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ቢታይ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች የፊደሉን ቅርጽ ለላቲን በተመደቡ ኮዶች ላይ ያስቀምጡ ነበር። ያለ ፎንቱ ጽሑፉ አይነበብም።

ስለዚህ «ማይ ዶክመንትስ»ን ብቻ ቀድታችሁ አትተዉት። «ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ ያለውን «ፎንትስ»ም አብራችሁ ቅዱ። ሰነዱን ወደ ተራ ጽሑፍ አትቀይሩት፤ የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል።

ፎንቱን ጭናችሁ ሰነዱን በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ፒዲኤፉ ይነበባል እንጂ የአማርኛ ቃል አይፈለግበትም፤ ለዚያ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል። እሱ ግን ቀስ ብሎ ይደርሳል። የማይቆየው ዲስኩ ነው፤ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ወዲያው አጥፉትና ለባለሙያ ስጡት።