ሽብሽቡን ያመጣው ድርቀት ነው ወይስ ፀሐይ?

ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤቴ «ቡና ጠጡ» ብላ ጠርታኝ ሄድኩ። ልጇን ልትድር ጥቂት ሳምንታት ነው የቀሯት። ቶናው ሲቀዳ ተነሥታ ጓዳ ገባችና አንዲት ክሬም ከነካርቶኗ ይዛ ወጣች። «ሲስተር፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ። ሽብሽብ ታጠፋለች ብለው ነው የሸጡልኝ፤ እውነትም ፊቴን ለውጣዋለች» አለችኝ። ፊቷ ቀላ ብሏል፣ ቆዳዋም ልስልስ ብሏል። መነጽሬን አድርጌ በካርቶኑ ጎን ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ «ክሎቤታሶል» ይላል። ዋጋዋን ስትነግረኝ ደግሞ ስኒዬን አስቀመጥኩ።

በዚያው ክፍል ጥግ አልጋው ላይ እናቷ ተቀምጠዋል። ሰማንያውን አልፈዋል። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቅልጥማቸውን በማበጠሪያ ያካሉ። እግራቸው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ አንዳንዱም ቦታ በጥፍር ተልጦ ቆስሏል። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያኩ ነው የሚያድሩት፤ እርጅና ነው እንግዲህ» አለች ልጅ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት የደረቀ ቆዳ አየሁ። ለአንደኛው ብዙ ብር ወጥቶበታል፣ ለሌላኛው ግን ምንም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ድርቀትና ሽብሽብ ምንና ምን እንደሆኑ እንለይ። የቆዳችን የላይኛው ስስ ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት የተደረደሩበት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ስብ ደግሞ እንደ ምርጊት ያያይዛቸዋል። ምርጊቱ ደህና ሲሆን ውሃው ከውስጥ አይወጣም፣ ቆሻሻና ተሕዋስያንም ከውጭ አይገቡም። ምርጊቱ ሲሰነጠቅ ግን ቆዳው ውሃውን ያጣል። ሳይከደን ያደረ እንጀራ ጠርዙ እንደሚሸበሸበው ሁሉ፣ የደረቀ ቆዳም ዐይን ሥርና ጉንጭ ላይ ስስ መስመሮችን ያወጣል፣ የነበረውንም ሽብሽብ አጉልቶ ያሳያል። ይህ ዓይነቱ ከላይ ነው፤ ቅባት ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ይለሰልሳል።

ጥልቁ ሽብሽብ ግን ከላይ አይደለም። ከሥር ባለው የቆዳ ክፍል ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉ ጭረቶች አሉ፤ ቆዳችንን ወጥረው የሚይዙትም፣ ሲጎተት መልሰው የሚሰበስቡትም እነሱ ናቸው። እነዚህን የሚጎዳው ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፀሐይ ነው። ማረጋገጥ የፈለገ የገዛ እጁን ይመልከት። የእጃችሁን ጀርባ፣ ከዚያም ብብታችሁ አጠገብ ያለውን የክንዳችሁን ውስጠኛ ክፍል እዩ። ሁለቱም እኩል ዕድሜ አላቸው፤ የሚለያቸው አንዱ ፀሐይ ሲመታው መኖሩ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ የአንድ የ69 ዓመት ሰው ፎቶግራፍ ይህንኑ ያሳያል። ሰውዬው 28 ዓመት የጭነት መኪና ሲያሽከረክር የኖረ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው የግራ ጉንጩ ተሸብሽቦና ወፍሮ ተንጠልጥሏል፤ የቀኙ ግን ደህና ነው። ፀሐይ ቆዳን የምታስረጅበት ጨረር መስታወት አልፎ ይገባል፣ በደመናም ጭርሱን አይቆምም።

እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የጨረሩ ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለናል እንጂ ትጎዳለች። ጠይም ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ አለው፣ ሽብሽቡም ይዘገይለታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይድንም። የእናቶቻችን ጃንጥላና ነጠላን እስከ ግንባር መከናነብ ጥሩ የፀሐይ መከላከያ ነበር። አሁን ነጠላው ወደ ትከሻ ወርዷል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም መግዛት የሚችል ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጥ። የማይችል ባርኔጣውንና ጃንጥላውን አይተው፤ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜም ጥላ ጥላውን ይሂድ።

የቱ ሽብሽብ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወጪ የሌለው ዘዴ አለ። ማታ ፊታችሁን ታጠቡና በመስታወት እዩት፤ እርጥበቱ ሳይደርቅ ስስ ቅባት ቀብታችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ እዩት። የጠፉት መስመሮች የድርቀት ናቸው፤ የቀሩት የፀሐይና የዕድሜ። ማለስለሻ ክሬም፣ ሃምሳ ብርም ሆነ አምስት ሺህ ብር ይውጣበት፣ የሚሠራው በፊተኞቹ ላይ ነው።

ወደ ጎረቤቴ ክሬም ልመለስ። ክሎቤታሶል በጣም ኃይለኛ ከሆኑት የስቴሮይድ ቅባቶች አንዱ ነው። ሐኪም እንደ ችፌ ላለ ሕመም፣ ለአጭር ጊዜ፣ ወፈር ያለ ቆዳ ላይ ያዝዘዋል። ፊት ላይ ሲቀቡት መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል፣ ይለሰልሳል፤ ገዢው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ሲቆይ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ሥሮችን ያወጣል፣ ብጉር የመሰለ ሽፍታ ያመጣል። ሽብሽብ ልታጠፋ ስትል ለሽብሽብ የተመቸ ስስ ቆዳ ታተርፋለች ማለት ነው። እሷ ገና ሁለት ሳምንቷ ስለነበረ እንድታቆም ነገርኳት። ለወራት የተቀባ ሰው ግን በድንገት ሲያቆም ፊቱ ሊቆጣና ሊያቃጥለው ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሌላው ማንነቱ የማይታወቅ ማንጫ ክሬም ነው። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ከሴት አያት ጉንጭ ወደምትስመው የልጅ ልጅም ይተላለፋል። ፊትን በሎሚ አሽቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም ይቅር። የሎሚ ጭማቂ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን እስከ ማቃጠልና ማጥቆር ይደርሳል፤ በሥራ ዘመኔ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ እማማ እግር እንምጣ። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳችንን የሚያረጥበው ወዝ ይቀንሳል፣ ቆዳውም ይሳሳል። በበጋ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ነፋሱና የሌሊቱ ቁር ይጨመርበታል። ማሳከኩ ማታ ይብሳል፤ ሲያኩት ይላጣል፣ የተላጠው ቆዳ ለቁስል በር ይከፍታል። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው እግር ላይ እንዲህ ያለች ትንሽ ስንጥቅ የት እንደምታደርስ ነርስ ሆኖ የሠራ ያውቃል። «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ የማይገባውም ለዚህ ነው።

በምን እንደሚታጠቡ ጠየቅኩ። በየቀኑ በጣም በሞቀ ውሃና በልብስ ሳሙና ነው፤ «ትኩሱ ውሃ ማሳከኩን ያስታግስልኛል» አሉኝ እማማ። እውነት ነው፣ ለጊዜው ያስታግሳል። ነገር ግን ትኩስ ውሃና የልብስ ሳሙና ያንን የምርጊት ስብ አጥበው ይወስዱታል፣ ማሳከኩም ብሶ ይመለሳል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ከአሥር ደቂቃም አይለፍ። ሳሙናው ለስላሳ ይሁን፤ ለብብት፣ ለብልት አካባቢና ለእግር ካልሆነ በየቀኑ መላ ሰውነት ላይ አያስፈልግም። ፎጣው ጠበቅ ጠበቅ እያደረገ ያድርቅ እንጂ አይፈትግ። ከዚያ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ።

እርጥብ እያለ የሚለውን አደራ ልብ በሉት። ቫዝሊን ራሱ ውሃ የለውም፤ ሥራው ያገኘውን ውሃ ከድኖ ማስቀረት ነው። በደረቅ ቆዳ ላይ መቀባት ባዶ ድስት እንደመክደን ነው። ይህን በደንብ የተማርኩት በወጣትነቴ አለርት ሆስፒታል ለሥልጠና በሄድኩ ጊዜ፣ ከሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ነው። በሽታው ነርቭ ስለሚጎዳ እግራቸው አያልበውም፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በየቀኑ እግራቸውን ለሃያ ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዝፋሉ፣ ጠጣሩን ተረከዝ በሻካራ ድንጋይ ቀስ አድርገው ይፍቃሉ፣ ወዲያው ቅባት ይቀባሉ። ውድ መድኃኒት የለበትም፤ ነገር ግን ስንቱን እግር ከቁስል አድኗል። (የስኳር ሕመምተኞች ግን እግር አትዘፍዝፉ፤ ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በጣቶች መካከል ሳትቀቡ ሌላውን ቀቡ።) ተረከዙ ለተሰነጠቀ ዩሪያ ያለበት ክሬም ከፋርማሲ ይገኛል። ስሙ ከማዳበሪያው ጋር አንድ ነው ብላችሁ ደግሞ ወደ ጎተራ እንዳትሄዱ!

ግሊሰሪን ጥሩ ነው፣ ውሃ ይስባል፤ ብቻውን ግን በደረቅ አየር ከቆዳው ከራሱ ሊስብ ስለሚችል በውሃ አቅጥኑትና ላዩ ላይ ቫዝሊን ደርቡበት። ቅቤ ያለሰልሳል፤ የቆየና የተበላሸ ቅቤ ግን የተላጠ ቆዳ ላይ አይሁን፣ የአራስ ልጅ እትብት ላይማ በጭራሽ። የወይራ ዘይትን ብዙዎች ያምኑታል፤ ጥናቶች ግን የቆዳን መከላከያ ሊያላላ እንደሚችል አሳይተዋልና ለደረቀ ቆዳ እኔ አልመክረውም።

«ውሃ አብዝታችሁ ጠጡ» ስለሚባለውም አንድ ነገር ልበል። እኔም አማቴን ለዓመታት እንዲህ እያልኩ አሰልችቻቸዋለሁ፤ ያተረፍኩላቸው ግን ሌሊት ለሽንት መነሣት ብቻ ነበር። በውሃ ጥም ላልተጎዳ ሰው ተጨማሪ ብርጭቆ ውሃ ቆዳውን አያረጥበውም። አረጋውያን ጥም ስለማይሰማቸው መጠጣታቸውን መከታተል ተገቢ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ለኩላሊታቸውና ለብርታታቸው ነው። ደግሞም ቆዳን ቆንጥጦ ሲመለስ ማየት ለተቅማጥ ሕፃን ሆድ የሚሠራ ምርመራ ነው። አዛውንት ላይ አይሠራም፤ ቆዳቸው ድሮውንም ቶሎ አይመለስምና። እነሱ ላይ አፋቸው መድረቁን፣ ሽንታቸው መጥቆሩን፣ መፍዘዛቸውን እዩ።

ማሳከክ ሁሉ ድርቀት አይደለም። በቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው የሚያክ ከሆነ፣ በጣቶች መካከልና በወገብ ላይ ሽፍታ ካለ፣ ማታም የሚብስ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ቫዝሊን አያድንም፣ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ መታከም አለበት። ቅባት ለሁለትና ለሦስት ሳምንት በአግባቡ ተቀብቶ ማሳከኩ ካልተሻለ፣ ወይም ክብደት መቀነስ፣ የዐይን ቢጫ መሆን ካለበት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የኩላሊት፣ የጉበት፣ የስኳርና የእንቅርት ሕመም በማሳከክ ሊታዩ ይችላሉ፤ አንዳንድ የደም ግፊት ኪኒንም እንዲሁ።

ልጅ ልትጠይቁ፣ አራስ ልታርሱ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የምትሄዱ አያቶች፣ በክረምታቸው ቤቱ በማሞቂያ ስለሚደርቅ ሰውነታችሁ ቢያሳክካችሁ አትደንግጡ። ትኩስ ሻወር ሥር አትቆዩ፤ ቅባቱንም አትርሱ።

ስለ ቅባት ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ተረከዝ ተቀብተው ካልሲ ሳያደርጉ ሰሌዳ ወይም ሴራሚክ ላይ መሄድ ያንሸራትታል፤ የአረጋዊ ውድቀት ደግሞ ቀላል አይደለም። ቅባት የጠጣ ጨርቅና አንሶላም እሳት ቶሎ ይይዛል፣ ስለዚህ ከከሰል ምድጃና ከሻማ ይራቅ።

ከስምንት ቀን በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ቅልጥማቸው ላይ ያለው አመድ ለቋል፣ ማበጠሪያውም ከአልጋው ራስጌ ተነሥቷል። «ሲስተር ልጄ» አሉኝ እማማ፣ «ሌሊቱን ተኛሁ። ግን ቫዝሊኔን ይህች ልጄ ፊቷን እየተቀባች ጨረሰችብኝ።»